የመጀመሪያዪቱ ሰዓት፦ በንግግር ስለ ማከም ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚሠራ አንድ ባልደረባ ነበረን፤ ታናሽ ወንድሙ በሞት ተለየው። ኀዘኑ እንደ ማንኛውም ሰው ኀዘን መስሎን ነበር። ሠልስቱ ወጣ፣ አርባው ተቈጠረ፣ ዓመትም ሞላ፤ እርሱ ግን ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ፋይል ይገልጥና አንዲቱን ገጽ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲመለከታት ይውል ጀመር። እንቅልፍ አጣ፤ ሰውነቱም ከሳ። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ቢመረመር፣ ልብህም ኩላሊትህም ደኅና ነው፤ የሚያስፈልግህ ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር መነጋገር ነው ተብሎ አንዲት የመላኪያ ወረቀት ተጻፈችለት። ባልደረባችን ግን ያችን ወረቀት ለተላከችበት ሰው አላደረሳትም፤ አጥፎ ከመሳቢያው ውስጥ አኖራት።

አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ነገሩን አጫወተን፤ ሲያበቃም «እሺ፣ ልሂድ። ገብቼ ግን ምን እላለሁ? ሰውዬውስ ምን ይለኛል?» ሲል ጠየቀን። እኛም የምንመልሰው ስለ ጠፋን፣ ከታላላቆቻችን ስንሰማው የኖርነውን «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ቃል ሰጥተነው ወደ ሥራችን ተመለስን። መልሳችን ሰውን የሚጎዳ መልስ እንደ ነበረ የተረዳነው ወረቀቲቱ ከመሳቢያው ውስጥ አምስት ወር ከተኛች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ለእኛም ጥያቄ ሆነ። አንድ ሰው ዘመዱ ካልሆነ፣ አበልጁ ካልሆነ፣ የንስሐ አባቱም ካልሆነ ከማያውቀው ሰው ዘንድ ገብቶ የሆዱን እንዲነግር እንዴት ያለ ሥርዐት ተሠራ? ማንስ ሠራው? ብለን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። በዚህ ጽሑፍ የምናወጋው ያገኘነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

አእምሮው የታወከ ሰው በጥንት ጊዜ ከሐኪም ዘንድ ምን ይጠብቀው እንደ ነበረ ለማየት የሚፈልግ፣ የኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ቪየና ቢሄድ ዛሬም ቆሞ የሚታይ አንድ ክብ ሕንፃ ያገኛል። ይህ ሕንፃ በንጉሠ ነገሥቱ በዮሴፍ 2ኛ ዘመን፣ በ1784 የተሠራ ሲሆን ስሙ የእብዶች ግንብ ነው። ባለ አምስት ደርብ ነው፤ በውስጡም ጠባብ ክፍሎች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረውበታል። በዚያ ዘመን ሰዎች እንደ ትልቅ መሻሻል ቈጠሩት፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሰው ከወንጀለኛና ከለማኝ ጋር ተደባልቆ ይታሰር ነበር። ይሁን እንጂ ከግንቡ ለገባው ሰው መጠበቂያ እንጂ መናገሪያ አልተሠራለትም። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሕመሙ ቀለል ላለለት፣ ገንዘብም ለነበረው ሰው የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መታጠቢያ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ መታሸትና ረዥም ዕረፍት ይታዘዝለት ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚናገረው ሐኪሙ ነው፤ ሕመምተኛው የሚጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

በእኛ አገር የታወከ ሰው ጠበል ይወሰዳል፤ የተጣላ ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ ኅሊናው የወቀሰው ከነፍስ አባቱ ፊት ይንበረከካል። እነዚህ ሁሉ የሰውን ሸክም ሲያቃልሉ የኖሩ ናቸውና የምንነቅፋቸው አይደለንም። ነገር ግን ኀዘን ኃጢአት አይደለምና ንስሐ አይገባበትም፤ ጠብም አይደለምና ሽማግሌ አይዳኘውም። ባልደረባችን ከሦስቱም ደጅ የሚያቀርበው ጉዳይ አልነበረውም።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው በዚያችው በቪየና ከተማ በ1880 ነው። ዮዜፍ ብሮየር የተባለ በከተማው እጅግ የተከበረ ሐኪም ቤርታ ፓፐንሃይም ወደምትባል የ21 ዓመት ወጣት ተጠራ። ቤርታ ከባለጸጋ የአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ ብልህና ቋንቋ ዐዋቂ ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት በበጋ አባቷ በጠና ታመመና ሌሊት ሌሊት ከራስጌው እየተቀመጠች ስታስታምመው ቈየች፤ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ግን እርሷ ራሷ ወደቀች። ሳል ያዛት፤ ቀኝ እጅዋ ደረቀ፤ ዐይኗ ደከመ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ደግሞ የገዛ ቋንቋዋ ጀርመንኛ ጠፍቷት በእንግሊዝኛ ብቻ ትናገር ጀመር። ብሮየር መረመራት፤ በአካሏ ላይ ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሚሆን ነገር አላገኘም።

ብዙ ሐኪም ከዚህ ላይ ሲደርስ የሚያሳዝን መድኃኒት ጽፎ፣ ወይም ቈጥተህ አስነሣት ብሎ ለዘመድ ነግሮ ይሄድ ነበር። ብሮየር ግን በየማታው እየመጣ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ቤርታም ተረት የሚመስል ነገር ትነግረው ጀመር፤ አብዛኛውን ጊዜ ተረቱ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተጨንቃ ስለ ተቀመጠች ልጃገረድ ነበር። ነግራ ስትጨርስ ጭንቀቷ ይቀልላታል፤ ሳትናገር የዋለች እንደ ሆነ ግን በማግስቱ ይብስባታል። አባቷ በሚያዝያ 1881 ሲሞት ሕመሟ ጠነከረ፤ ሐኪሙ ግን መምጣቱን አልተወም።

ስለ ውሃው የሚነገረው ታሪክ የዚህ ሕክምና ዋና ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወራቱ የሐሩር ነበር፤ ቤርታ በጥም ትቃጠላለች፤ ብርጭቆውን አንሥታ ከከንፈሯ ስታደርሰው ግን ትጸየፈውና ትመልሰዋለች። ስድስት ሳምንት ያህል ሐብሐብና ይህን የመሳሰለ ፍሬ ብቻ እየበላች ኖረች። አንድ ቀን ብሮየር በሂፕኖቲዝም አስተኝቷት ሳለ፣ ስለማትወዳት ስለ እንግሊዛዊት አጫዋቿ ታጉረመርም ጀመር፤ የዚያች ሴት ውሻ ከብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ማየቷንና ለይሉኝታ ስትል ዝም ማለቷን ተናገረች። ያን ጊዜ የዋጠችውን ቊጣ ሁሉ አወጣችው። ከዚያም ውሃ ስጡኝ አለች፤ ያለ አንዳች ችግር ብዙ ጠጣች፤ ብርጭቆው ከከንፈሯ እንዳለ ነቃች።

ቤርታ ለዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ስም አወጣችለት። ስትቀልድ የጭስ ማውጫ ጠረጋ አለችው፤ ቁም ነገር ስትናገር ደግሞ የንግግር ሕክምና አለችው። ይህ ሁለተኛው ስም ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ስሙን ያወጣችው ሕመምተኛዪቱ እንጂ ሐኪሙ አለመሆኑን ስናነብ እጅግ ተደነቅን፤ ወደ ፊትም እንደምናየው የዚህ ሕክምና ብዙው ሥርዐት የተገኘው ሊታከሙ ከመጡት ሰዎች ነው።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው አንባቢን ማታለል ይሆናል። ብሮየር ሕክምናውን በሰኔ 1882 አቆመ። በ1895 ከወጣት ባልደረባው ከዚግሙንድ ፍሮይድ ጋር ሆኖ ስለ ሂስቴርያ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስሟን ለውጦ አና ኦ. ብሎ ታሪኳን ሲጽፍ የዳነች አስመስሎ ነበር። ኤለንበርገር የተባለ የታሪክ ተመራማሪ የቆዩ የሐኪም ቤት መዛግብት አግኝቶ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ግን እውነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ቤርታ በዚያው ዓመት በሐምሌ በስዊስ አገር ክሮይስሊንገን ከሚባል ስፍራ ካለው ቤልቪው ከተባለ የሕክምና ቤት ገብታ ነበር። ፊቷን የሚያሠቃያት ሕመም ነበረባት፤ ለሕመሙ ማስታገሻ የተሰጣትም ሞርፊን ሱስ ሆኖባት ነበር። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሐኪም ቤት እየገባች ትወጣ ነበር።

ይህን ይዘው የንግግር ሕክምና ከመሠረቱ ውሸት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንዲህ አንፈርድም። ቤርታ ኋላ ወደ ፍራንክፈርት ተዛውራ የሙት ልጆች ቤት አስተዳደረች፤ በ1904 የጀርመን አይሁድ ሴቶችን ማኅበር አቋቋመች፤ በ1907 በኖይ ኢዘንቡርግ መጠጊያ ላጡ ልጃገረዶችና እናቶች ቤት ከፈተች፤ በ1936 እስክትሞትም ድረስ ሴት ልጆችን ለዝሙት የሚሸጡትን ነጋዴዎች ስትታገል ኖረች። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1954 መልኳን በቴምብር ላይ አትሞላታል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ስለ ተነገረላት ነው ወይም ቢነገርላትም ነው ብሎ ማንም ሊቈርጥ አይችልም። ከታሪኳ የሚገኘው ቁም ነገር ንግግር የተዘጋ ጕሮሮ ሊከፍት መቻሉ፣ ነገር ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣትና መዳን የተለያዩ መሆናቸው ነው። ዛሬም ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቀሎኛል ብሎ የሚያስቀር፣ ወይም አልቀለለኝም ብሎ የሚያስቀር ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱም ቤርታን አላወቋትም።

ፍሮይድም ሥራውን ሲጀምር አስተኝቶ ጠያቂ ነበር። ያን ልማድ ካስተዉት ሰዎች አንዷ በመጽሐፉ ኤሚ ፎን ኤን ብሎ የሰየማት ባለጸጋ መበለት ናት። ፍሮይድ ይህ ከየት መጣ፣ ያስ ከምን ተነሣ እያለ ደጋግሞ ቢጠይቃት ተቈጣች፤ መጠየቁን ትቶ የምትለውን እስክትጨርስ እንዲሰማት ነገረችው። እርሱም እሺ አለ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ሐኪም ዝም በል ተብሎ በእውነት ዝም ያለበት ቀን ከብዙ የመድኃኒት ግኝት ጋር ተተካክሎ ሊቈጠር ይገባዋል ብንል ማጋነን አይደለም። ሹማምንትና መምህራን የሆንን ሰዎች ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቀዋለንና።

በበርግጋሰ መንገድ በ19 ቊጥር፣ ፍሮይድ ከ1891 እስከ 1938 በኖረበት ቤት፣ ምንጣፍ የለበሰ አንድ ድንክ አልጋ ነበር። ይህን አልጋ ያበረከተችለት አንዲት ሕመምተኛው ናት። ሕመምተኛው በእርሱ ላይ ጋደም ይላል፤ ሐኪሙ ከራስጌው በስተኋላ እንዳይታይ ሆኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን አቀማመጥ ጥልቅ ምሥጢር ያለበት አድርጎ ይገምተዋል፤ ፍሮይድ ራሱ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰው ሲያፈጥበት መዋሉን ስላልቻለው መሆኑን ሳያፍር ጽፏል። አልጋው ዛሬ በሎንዶን በቤተ መዘክርነት በሚታየው በመጨረሻው ቤቱ ይገኛል። ዛሬ ወደ አማካሪ የሚሄድ ሰው አልጋ ፈልጎ ቢያጣ አይደነቅ፤ በብዙው ስፍራ የሚጠብቁት ፊት ለፊት ወይም ዘወር ብለው የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ናቸው።

በ1913 ፍሮይድ ሕክምናው እንዴት እንደሚጀመር የሚያስረዳ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ባልደረባችን የጠየቀንን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን። በዚህ ጽሑፍ መሠረት መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሙከራ ጊዜ አለ፤ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ያውቀዋል፤ ሕክምናው የሚስማማው መሆኑንም ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ለሕመምተኛው የራሱ የሆነ ሰዓት ይመደብለታል፤ ሰዓቲቱ የእርሱ ናትና ቢመጣም ባይመጣም ዋጋዋን ይከፍላል። ፍሮይድ ሕመምተኞቹን ከእሑድና ከታላላቅ በዓላት በቀር በየቀኑ ይቀበል ነበር። ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚሉትም መልሱን ከኤዞጵ ተረት ተዋሰ፤ በተረቱ መንገዱ ስንት ሰዓት ይወስዳል ብሎ የጠየቀውን መንገደኛ አንድ ጠቢብ እስኪ ሂድ ይለዋል፤ አረማመዱን ካላየ ሊነግረው አይችልምና።

ለአዲስ ሕመምተኛ የሚሰጠው ትእዛዝ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወደ ልብ የመጣውን ሁሉ፣ ከንቱም ይሁን አሳፋሪ፣ ሳይመርጡ መናገር ነው። ይህንም ሲያስረዳ በባቡር መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ በውጭ የሚያልፈውን አገር ለውስጠኛው ጓደኛው እንደሚነግረው አድርጎ መሰለው። በቀድሞው ባቡር ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሰው ምሳሌውን ይረዳዋል፤ ግራርም ያልፋል፣ ግመልም ያልፋል፣ የፈረሰ ቤትም ያልፋል፤ ከመስኮቱ የተቀመጠው የሚናገረው የሚያልፈውን እንጂ የሚያምረውን መርጦ አይደለም። እንግዲህ «ገብቼ ምን እላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ መልስ አለ፤ የምትለውን ሳታዘጋጅ ግባ፤ የምለው ጠፋኝ የሚለውም ቃል ራሱ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ስለ ክፍያው ግን የፍሮይድ ሥርዐት ድኻውን ከደጅ የሚያስቀር ነበር። ይህንንም ራሱ ተረድቶት በመስከረም 1918 በቡዳፔስት በተደረገው ጉባኤ ላይ፣ ድኻ ሰው አካሉን በነጻ እንደሚታከም ሁሉ ነፍሱንም በነጻ የሚታከምበት ቀን እንዲመጣ ተናገረ። ቃሉም በወረቀት ላይ አልቀረም፤ በ1920 በበርሊን፣ በ1922 በቪየና ነጻ የሕክምና ቤቶች ተከፈቱ። ይህ መልካም ጅምር ዕድሜው አልረዘመም። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 በግንቦት ወር የፍሮይድ መጻሕፍት በበርሊን አደባባይ ተቃጠሉ፤ በ1938 ፍሮይድ ራሱ በ82 ዓመቱ ከቪየና ተሰዶ ሎንዶን ገባ፤ በማግስቱም ዓመት በመስከረም እዚያው ሞተ። ደቀ መዛሙርቱ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተበተኑ፤ ሥራውም ከእነርሱ ጋር ሄደ።

በአሜሪካ ሌላ ወንዝ ቀድሞ ይፈስ ነበር። ይህኛው የሚነሣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ፍለጋ ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው በ1908 በቦስተን ከተማ ወጣቶች ለተሰጥዎቻቸው የሚስማማ ሥራ እንዲመርጡ የሚረዳ ቢሮ ከፈተ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። አማካሪ የሚለው ስም ለዚህ ዓይነት ሙያ መጠሪያ መሆን የጀመረው ከዚህ ነው። በ1913፣ ፍሮይድ ጽሑፉን ባወጣበት በዚያው ዓመት፣ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አዲስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲከፈት፣ መሪው አዶልፍ ማየር ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን ሕይወት በሙሉ፣ ከልደቱ ጀምሮ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ ትዳሩንና ያለፈበትን ሕመም ጠይቀው በተራ እንዲመዘግቡ ያስተምር ነበር። ዛሬ በመጀመሪያው ቀን ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ፣ ስለ ቤተ ሰብና ስለ መጠጥ፣ ሞትን አስቦ እንደ ሆነም ሳይቀር ሲጠየቅ የሚቀየም ሰው፣ ጥያቄው በእርሱ ላይ ብቻ የመጣ የፖሊስ ምርመራ አለመሆኑን ይወቅ። ሞትን ስለ ማሰብ የሚቀርበው ጥያቄ ሐሳቡን በሰው ልብ የሚተክል አይደለም፤ ብቻውን ተሸክሞት ለኖረው ሰው ግን በር ይከፍትለታል።

ሁለቱ ወንዞች የተገናኙት በካርል ሮጀርስ ዘንድ ነው። ሮጀርስ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሮቸስተር ከተማ ጠባያቸው የታወከ ልጆችን ሲረዳ፣ አንዲት እናት ልጇ አስቸግሯት መጣች። ሮጀርስ መርምሮ ጥፋቱ የእርሷ ነው፣ ልጁን በልጅነቱ ገፍታዋለች ብሎ ደመደመ፤ ይህንም በዘዴ ሊያስረዳት ብዙ ቀን ደከመ። አልተሳካለትም። በመጨረሻ ሁለታችንም ሞክረናል፣ አልሆነልንምና ይብቃን አላት፤ እርሷም ተስማማች፤ ተጨባብጠው ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ግን ዘወር ብላ እዚህ ቤት አዋቂዎችንም ታማክራላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎን ቢላት ተመልሳ ከወንበሩ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቍረጧ፣ ያለ አንዳች ቅደም ተከተል ታፈሰው ጀመር። ሮጀርስ በዚያ ቀን ብዙ አላደረገም፤ ሰማ። ከዚህ ዓይነቱ ገጠመኝ፣ የት እንደሚያም የሚያውቀው የታመመው ሰው ራሱ መሆኑን ተማርሁ ብሎ በኋለኛው ዘመን ጽፏል።

በታኅሣሥ 11 ቀን 1940 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ይህን ሐሳቡን ገለጠ፤ ብዙ ሰውም ተቃወመው። በ1942 ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ያለበት መጽሐፍ አወጣ፤ ሄርበርት ብራየን ብሎ ስሙን የለወጠለት አንድ ሰው ከአማካሪው ጋር በስምንት ቀን የተነጋገረውን ቃል በቃል በሸክላ ቀድቶ አሳተመው። እስከዚያ ድረስ በተዘጋው ክፍል የሚደረገውን ሰው የሚያውቀው ሐኪሙ ኋላ አስታውሶ ሲጽፈው ብቻ ነበር፤ ብሮየር በቤርታ ታሪክ እንዳደረገውም የሚያስታውሰው ሰው ያሳምራል። ሸክላው ግን አያሳምርም። ሮጀርስና ተማሪዎቹ የተቀዳውን ሲያዳምጡ ራሳቸውን ሰሙ፤ ረድተናል ሲሉ የነበሩ አማካሪዎች ብዙውን ሰዓት ሲናገሩና ሲያቋርጡ የቈዩት እነርሱው ሆነው ተገኙ።

ሮጀርስ ሕመምተኛ የሚለውን ቃል ትቶ፣ አንድ ሰው ከጠበቃ ዘንድ ጉዳዩን ይዞ ሲሄድ የሚጠራበትን ስም መረጠ። የእኛ ቋንቋ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ባለ ጉዳይ። በመሥሪያ ቤቶቻችን ኮሪደር በየቀኑ የምንጠራው ይህ ስም፣ ጉዳዩ የራሱ የሰውዬው መሆኑንና ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠው ሰው ባለቤቱ አለመሆኑን ይመሰክራል፤ እኛ ግን ስንጠራው ይህን አናስብም።

ከሮጀርስ ሥርዐት አንዱን ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ምክር ፈልጎ የመጣ ሰው የተናገረውን ብቻ መልሶ ቢሰማ፣ በተለይ ታላቅን አክብሮ ምክር መስማት በለመደው በእኛ አገር፣ ተታለልሁ ብሎ ይሄዳል። ይህን ጕድለት ከሞሉት መካከል በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ የሠራው አሮን ቤክ አንዱ ነው። በእርሱ ዘዴ አማካሪውና ባለ ጉዳዩ በየስብሰባው መጀመሪያ ምን እንደሚነጋገሩ አብረው ይወስናሉ፤ ሲለያዩም የቤት ሥራ አለ፤ ለምሳሌ ያሳዘነውን ነገርና በዚያች ቅጽበት በልቡ ያለፈውን ሐሳብ መጻፍ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከሁለቱም ይቀላቅላሉ። ስለዚህ ባለ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን እንዴት ነው የሚሠሩት፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንበትም።

ስለ ምሥጢርም ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምራል። ሐኪም የሰማውን እንዲሰውር በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መሐላ ያዝዘዋል፤ ፍሮይድና ብሮየርም ስም እየለወጡ የጻፉት ስለዚህ ነው። የአና ኦ. እውነተኛ ስም የታወቀው ከሞተች ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ የፍሮይድን ሕይወት በጻፈው በኧርነስት ጆንስ መጽሐፍ ነው፤ ዘመዶቿም ያዘኑበት ነገር ሆነ። በካሊፎርኒያ ደግሞ አንድ ወጣት አንዲትን ልጃገረድ ሊገድላት ማሰቡን ለሐኪሙ ነግሮ ኋላ ስለ ገደላት፣ ታራሶፍ በተባለው ክርክር የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ባለሙያው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ፈረደ። ጠንቃቃ አማካሪ በመጀመሪያዪቱ ሰዓት ምሥጢር እንደሚጠብቅና የምሥጢሩ ዳርቻ ከየት ላይ እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። እኛም እንዲሁ ስንል የዚምባብዌን ነገር አነበብን። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ሲያክማት የነበረች አንዲት ወጣት ወደ እርሱ የምትመጣበት የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ራሷን አጠፋች። በአገሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ2006 በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሠፈር ሥራ ሲጀምር የሰጡት ሐኪምም ነርስም ክፍልም አልነበረም፤ ያገኘው 14 አያቶችን ነው። እነዚህ እናቶች ከሠፈሩ ነዋሪዎች መካከል በጤና ረዳትነት የሚያገለግሉ ነበሩ። ከክሊኒኩ ውጭ፣ ከዛፍ ጥላ በታች የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው።

ችግር የገጠመው ሰው መጥቶ ከአያትየዋ አጠገብ ይቀመጣል። እርሳቸውም በሾና ቋንቋ በተጻፉ 14 ጥያቄዎች ሁኔታውን ይረዳሉ። ጭንቀት ወይም የመንፈስ መታወክ በሚለው የመጽሐፍ ስም ፋንታ ሕዝቡ ራሱ በሚለው ስም ኩፉንጊሲሳ፣ ማለት ከመጠን በላይ ማሰብ፣ ብለው ይጠሩታል። የመጀመሪያው ሥራ ኩቩራ ፕፉንግዋ ይባላል፤ ልብን ወይም ሐሳብን መክፈት ማለት ነው። ሰውዬው ችግሮቹን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከዚያም አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ መርጦ ምን ሊደረግለት እንደሚችል ከአያትየዋ ጋር ይመክራል። ቢበዛ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። በ2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ፣ በሐራሬ በ24 ክሊኒኮችና በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በአግዳሚው ወንበር የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ በብዙ ተሽሏቸው መገኘታቸውን አረጋገጠ። የቪየናው አልጋ ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ሆነ፤ የሚሰማው ጆሮ ግን ያው ነው።

በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ትምህርት የሚፈልግ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ለረዥም ዘመን የሕመምተኛው ሁሉ ተስፋ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ስሙም በሰው አፍ ስድብ ሆኖ ቈይቷል። ባልደረባችን ወረቀቲቱን ከመሳቢያ የቈለፈባት አንደኛው ምክንያት ይህ እንደ ነበረ ኋላ ነግሮናል፤ ሁለተኛው ደግሞ የእኛ መልስ ነበር።

ይህን ሁሉ አንብበን ከጨረስን በኋላ አንድ ቀን ከምሳ በፊት ከጠረጴዛው አጠገብ ሄደን፣ ያን ጊዜ የመለስንልህ መልስ ትክክል አልነበረም አልነው፤ ስለ ቤርታና ስለ ውሃው፣ ስለ ባቡሩ መስኮትም አጫወትነው። ሳቀ። ወረቀቲቱን አወጣ፤ ቀኗ አልፎባት ነበርና ሌላ ማጻፍ ግድ ሆነ። በሳምንቱ ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ሲመለስ እኛ ከበሩ ላይ ጠበቅነው።

«ምን አሉህ?» አልነው።

«ምንም አላሉኝም» አለ። «ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴም ጠየቁኝ። ኋላ የወንድምህ ስም ማን ነበር አሉኝና ዝም አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ አወራሁ። ሰዓቱ አለቀ። በመጪው ማክሰኞ ተመለስ ብለውኛል።»

ኮቱን ሰቅሎ ከጠረጴዛው ተቀመጠና በዚያን ቀን ሁለት ደብዳቤ አዘጋጀ።